ከቁርጥራጭ ጨርቅ ባለሁለት ቀለም ሊሃፍ፦ ያለ ማሽን፣ ያለ ብዙ ወጪ በእጅ እንዴት ይሰፋል?

ብዙ ጊዜ የምንጽፈውም የምናነበውም ስለ ደሞዝ፣ ስለ ኢቃማ፣ ስለ ሐዋላ ነው። ዛሬ የማካፍላችሁ ግን በእጃችን ስለሚሠራ ነገር ነው፤ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚሰፋ ባለሁለት ቀለም የአልጋ ልብስ። እዚህ ግብፅ ‹‹ሊሃፍ›› የሚሉት ዓይነት ማለት ነው። ከላይ የተገጣጠመ ጨርቅ፣ መሀሉ ሙቀት የሚይዝ ነገር፣ ከታች ደግሞ ገበር አለው።

‹‹ምን ያደርግልኛል?›› ለምትሉ፣ መጀመሪያ ብርዱን አስቡ። የካይሮ ሰው በጋውን እንጂ ብርዱን አያወራም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ድረስ ግን ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፤ ቤቱ ደግሞ ለሙቀት እንጂ ለብርድ አልተሠራም። ወለሉ ሸክላ ነው፣ ማሞቂያ በየክፍሉ የለም። ዛማሌክ ውስጥ የምንሠራ ብዙዎቻችን የምንተኛው ከኩሽና ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ወይም ጣሪያ ላይ ባለ ክፍል ነው። የሚሰጠን ብርድ ልብስም አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ሰዎች የተውት፣ የሳሳው ነው። ያ የሳሳ ብርድ ልብስ ራሱ፣ በዚህ አሠራር፣ ለመጪዎቹ ዓመታት የሚሆን ሞቅ ያለ መደረቢያ ይወጣዋል።

ሁለተኛው ጥቅሙ ለሐሳብ ነው። ማታ ሥራ ካለቀ በኋላ ስልክ ላይ አፍጥጦ ከማምሸት፣ እጅን አንድ ነገር ማስያዝ ልብ ያሳርፋል። ሥራው ትንሽ በትንሽ ስለሚሄድ ትልቅ ጠረጴዛም ማሽንም አይፈልግም፤ ጭን ላይ ይሠራል፣ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይቀመጣል።

ድሪቶ አይደለም ወይ?

ይህን ስናወራ ጓደኞቼ መጀመሪያ የሚሉኝ ‹‹ድሪቶ ልትሰፊ ነው?›› ነው። እውነታቸውን ነው፣ እኛ አገር እራፊ በእራፊ ላይ ተጥፎ የሚለበስ ነገር ድሪቶ ይባላል። ድሪቶ ደግሞ የድህነት ስም ነው። ሰው የሚሰደብበት ቃል እንጂ የሚሸለምበት አይደለም።

ድሪቶና ጥሩ ሊሃፍ ግን የሚሠሩት ከአንድ ዓይነት ጨርቅ ነው። ሁለቱም ከተረፈ፣ ከተለበሰ፣ ከተቀደደ ነገር ነው የሚወጡት። የሚለያቸው ሥርዓቱ ነው። ድሪቶ ላይ ጨርቁ የሚጣፈው ቀዳዳው ባለበት ቦታ ነው፤ ቀለሙም እንደተገኘ ነው። ሊሃፍ ላይ ግን አስቀድማችሁ አንድ ሕግ ታወጣላችሁ፣ ከዚያ ጨርቁ ሁሉ ለዚያ ሕግ ይገዛል። ከሕጎቹ ሁሉ ቀላሉ ደግሞ ‹‹ሁለት ቀለም ብቻ›› የሚለው ነው።

ለምሳሌ ሰማያዊና ነጭ መረጣችሁ እንበል። ሰማያዊው አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። የሸሚዝ ሰማያዊ፣ የአንሶላ ሰማያዊ፣ ባለመስመሩ፣ ባለአበባው፣ የደከመው ጂንስ ሁሉ ሰማያዊ ተብሎ ይገባል። ነጩም እንዲሁ ነው፤ ክሬሙ፣ የወተት መልኩ፣ ትንሽ ነጠብጣብ ያለው ሁሉ ነጭ ይባላል። ሃያ ዓይነት ጨርቅ ቢኖርም ዓይን የሚያየው ሁለት ቀለም ነው። ስለዚህ ‹‹ይሄ ከዚያ ጋር ይሄዳል ወይ?›› እያሉ መጨነቅ ቀረ። ሥነ ሥዕል ያልተማረች ሴት የሚያምር ነገር ማውጣት የምትችለው በዚህ ነው።

ሌላ አገር ይህን ማን ሠራው?

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ፓርክ አቬኑ አርመሪ በሚባል ትልቅ አዳራሽ 651 ሊሃፎች ተሰቅለው ነበር። ሁሉም ቀይና ነጭ ብቻ ናቸው። የአንዲት ሴትዮ፣ የጆአና ሮዝ ስብስብ ነበሩ። ለ80ኛ ዓመት ልደቷ ሁሉንም አንድ ላይ ማየት ስለፈለገች፣ ሕዝብም በነፃ እንዲያይ ለስድስት ቀን ተዘረጉ። 651 ሊሃፍ በሁለት ቀለም ብቻ ተሠርቶ አንዱ ከሌላው ሳይመሳሰል ሲቀር፣ ሁለት ቀለም ጠባብ ሕግ አለመሆኑ ይገባችኋል።

ቀይና ነጭ፣ ሰማያዊና ነጭ ለምን እንደበዙ ደግሞ ምክንያት አለው። በድሮ ጊዜ አብዛኛው ቀለም ሲታጠብ ይለቅ ነበር። ‹‹የቱርክ ቀይ›› የሚባለው ቀይ እና ኢንዲጎ የሚባለው ሰማያዊ ግን ከሌሎቹ ይልቅ ማጠብን ይችሉ ነበር። ነጭ አጠገብ ሲሰፉ ነጩን የማያበላሹ ቀለሞች ተመረጡ ማለት ነው። ይህ ነገር ዛሬም ለኛ ይሠራል፣ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ሌላው መታወቅ ያለበት የጂስ ቤንድ ሴቶች ታሪክ ነው። ጂስ ቤንድ አሜሪካ አላባማ ውስጥ ያለች መንደር ናት። ነዋሪዎቹ የባሪያ ልጆችና የልጅ ልጆች የሆኑ ጥቁሮች ናቸው። ሴቶቹ እርሻ ላይ ያለቀውን የሥራ ሱሪና ሸሚዝ እየቀደዱ ሊሃፍ ይሰፉ ነበር፤ ቤታቸው ንፋስ ስለሚያስገባ ልጆቻቸውን ለማሞቅ ብለው እንጂ ለኤግዚቢሽን ብለው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ግን ሥራቸው በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ታየ፣ ከዚያም ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት የሊሃፎቹን ምስል ቴምብር ላይ አወጣው። ከጉልበት ሥራ ልብስ የተሰፋ ነገር ነው እዚያ የደረሰው። እኛም የምንሠራው የጉልበት ሥራ ነውና ይህን ታሪክ ብናውቀው ጥሩ ነው።

እዚሁ ካይሮ ውስጥም የጨርቅ ጥበብ ያለበት ሰፈር አለ፤ ኸያሚያ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1092 ከተሠራው ከባብ ዙወይላ በር ፊት ለፊት ያለ ጣሪያ የለበሰ የገበያ መንገድ ነው፤ እሱም ከ370 ዓመት ገደማ በፊት የተሠራ ነው። ኸያሚያ ማለት የድንኳን ሠሪዎች ማለት ነው። ወንዶች እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው፣ ቀለም ቀለም ጨርቅ እየቆረጡ በወፍራም ሸራ ላይ በመርፌ ይሰፋሉ። ለሠርግ፣ ለለቅሶና ለረመዳን ድንኳን የሚሆን ነበር፤ አሁን ለግድግዳና ለትራስም ይሠራሉ። የነሱ አሠራር ጨርቅ በጨርቅ ላይ መለጠፍ ነው፣ የኛ ደግሞ ጨርቅ ከጨርቅ ጎን መግጠም ነው። የእጅ ስፌታቸውን ማየት ግን ትምህርት ነው። ከዛማሌክ በሜትሮ ከሰፋ ሂጋዚ ጣቢያ ተነስታችሁ ማስፔሮንና ናስርን አልፋችሁ ዓታባ መውረድ ነው። ከዚያ በታክሲ ወይም በእግር ወደ ባብ ዙወይላ ይኬዳል። ለመግዛት ሳይሆን ለማየት በእረፍት ቀናችሁ አንዴ ሂዱ።

ጨርቁ ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው ምንጭ የምትሠሩበት ቤት ነው። የተቀደደ አንሶላ፣ አንገቱ ያለቀ ሸሚዝ፣ የድሮ መጋረጃ፣ የልጆች ዩኒፎርም። ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ ሳትጠይቁ ምንም አታንሱ። ቆሻሻ ውስጥ የተጣለም ቢሆን ጠይቁ። በብዙ ቤት ከቤት ሠራተኛ ጋር ጠብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወራው ‹‹ዕቃ ጠፋ›› ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የግብፅ የሠራተኛ ሕግ ቁጥር 12 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጪ አድርጎ እንደነበር ታውቃላችሁ። የተጻፈ ውል በእጃችን የሌለን ብዙ ነን። ስለዚህ ለአንድ አሮጌ አንሶላ ብላችሁ ስማችሁ እንዳይነሳ።

እንዲህ አድርጉ፦ ጨርቁን ለመደሟ አሳዩና ‹‹ይህን ለስፌት ልውሰደው?›› በሉ። እሺ ካለች፣ ፎቶ አንስታችሁ በዋትሳፕ ‹‹ስለ ጨርቁ አመሰግናለሁ›› ብላችሁ ላኩላት። ምስጋናም ነው፣ ማስረጃም ነው። መልእክቱን አታጥፉት።

ሁለተኛው ምንጭ ወካለት አል በላህ ነው። ለዛማሌክ ሰው ከዚህ የቀረበ የጨርቅ ገበያ የለም፤ ከ26 ሐምሌ መንገድ በ15 ግንቦት ድልድይ አባይን ተሻግሮ ቡላቅ መግባት ነው። በእግር ይኬዳል። እዚያ አዲስ ጨርቅም፣ ልባሽ ልብስም፣ በኪሎ የሚሸጥም አለ። በኪሎ ስትገዙ የወንድ ሸሚዝ ምረጡ፤ ጥጥ የሆነ፣ ትልቅ ቁጥር ያለው። ከአንድ ትልቅ ሸሚዝ ብዙ ጨርቅ ይወጣል። መርፌ፣ ክር፣ ስፒል ደግሞ ‹‹ኹርዳዋት›› የሚል ሱቅ ጠይቁ።

ሦስተኛው ምንጭ ጓደኛ ነው። አንዷ ሰማያዊ፣ አንዷ ነጭ ስትሰበስብ መለዋወጥ ይቻላል። እሑድ ወይም ዓርብ ስትገናኙ ፌስታል ይዛችሁ ኑ ተባባሉ።

የትኛው ጨርቅ ይሆናል?

ጥጥ ከሁሉም ይሻላል። ጥጥ መሆኑን ለማወቅ በእጃችሁ ጨብጡት፤ ተጨማዶ ከቀረ ጥጥ ይበዛበታል፣ ወዲያው ከተዘረጋ ፖሊስተር ይበዛበታል። የሚለጠጥ ነገር፣ እንደ ቲሸርትና ላስቲክ ያለው ሱሪ፣ ለጀማሪ አይሆንም። ሲሰፋ እየተሳበ ልኬቱን ያበላሻል። በጣም የሳሳውን ክፍል ደግሞ (የክርን ቦታ፣ የአንገት መታጠፊያ) ጣሉት። ወደ ብርሃን አንሱትና እዩ፤ በዚያ በኩል እጃችሁ በደንብ ከታየ አልቋል።

ሁሉንም ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡት። አዲስ ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ካሮጌው ጋር ሳይታጠብ ከሰፋችሁት በኋላ ይጎትተዋል። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ደግሞ ለብቻው ይታጠብ። ከዚያ ፈትኑት፦ ጨርቁን አርጥቡ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጉና በካውያ ተጫኑት። ነጩ ላይ ቀለም ካረፈ እንደገና ይታጠብ። ሦስቴ ታጥቦ አሁንም ከለቀቀ ተዉት፣ ለሊሃፍ አይሆንም። የአንድ ወር ልፋት በአንድ እጥበት ሮዝ ሆኖ እንዳያድር።

ጥቁሩና ፈካው

ሁለት ቀለም ስትመርጡ ዋናው ቁም ነገር አንዱ የጠቆረ፣ አንዱ የፈካ መሆኑ ነው። ቀይና አረንጓዴ ሁለት የተለያዩ ቀለማት ናቸው፣ ግን እኩል ከጠቆሩ ከሩቅ አይለዩም። ሰማያዊና ነጭ፣ ቀይና ክሬም፣ ጥቁርና ነጭ፣ ጥቁር አረንጓዴና ፈዛዛ ቢጫ ጥሩ ናቸው።

ግራ የሚያጋባ ጨርቅ ሲያጋጥማችሁ፣ ለምሳሌ ነጭ ላይ ሰማያዊ መስመር የበዛበት፣ መሬት አንጥፉትና ሦስት እርምጃ ርቃችሁ ዓይናችሁን አጥበብ አድርጋችሁ እዩት። የሚታያችሁ ቀለም እሱ ነው፣ ወደዚያ ክምር ያስገቡት። ሌላው ዘዴ በስልክ ፎቶ አንስቶ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ ማድረግ ነው። መሀል ላይ የቀረውን፣ ከዚህም ከዚያም ያልሆነውን፣ ለትራስ አስቀምጡት።

ሂሳቡ

ለአንድ ሰው አልጋ የሚሆን፣ ሲያልቅ 120 በ180 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሊሃፍ እንሥራ። መልኩ እንደ ዳማ ሰሌዳ ነው፤ በቆርኪ የምንጫወተውን ዳማ አስታውሱ።

እያንዳንዱ ካሬ ሲያልቅ 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ለስፌት በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር ስለሚያስፈልግ 12 በ12 አድርጋችሁ ትቆርጣላችሁ። 9 ካሬ ሦስት በሦስት ሲሰፋ 30 በ30 የሆነ አንድ ሰሌዳ ይወጣል። ሁለት ዓይነት ሰሌዳ አለ፦

- የመጀመሪያው፦ 5 ጥቁር፣ 4 ፈካ (ጥቁሩ አራቱ ማዕዘንና መሀል ላይ)። 12 ሰሌዳ ይሠራል።
- ሁለተኛው፦ 5 ፈካ፣ 4 ጥቁር (ፈካው አራቱ ማዕዘንና መሀል ላይ)። 12 ሰሌዳ ይሠራል።

በጠቅላላ 24 ሰሌዳ፣ በአግድም 4 በቁመት 6 ይሆናል። ካሬው ሲቆጠር 108 ጥቁርና 108 ፈካ፣ በድምሩ 216 ነው። ከአንድ ትልቅ የወንድ ሸሚዝ 20 ያህል ካሬ ስለሚወጣ ስድስት ሸሚዝ ለጥቁሩ ይበቃል። ግን ከስድስት ሸሚዝ ይልቅ ከአሥራ ሁለት የተለያየ ጨርቅ ጥቂት ጥቂት ብትቆርጡ ያምራል። ውበቱ ሁሉም ሰማያዊ ሆኖ ሁሉም የተለያየ መሆኑ ላይ ነው።

መቁረጥ

ከወፍራም ካርቶን 12 በ12 የሆነ መለኪያ በማስመሪያ አስተካክላችሁ ቁረጡ። መለኪያው ከተጣመመ 216ቱም ይጣመማል። ጨርቁ ላይ አስቀምጡና በእርሳስ ወይም በደረቀ ሳሙና ስባሪ ዙሪያውን አስምሩ። ሳሙና ጥቁር ጨርቅ ላይ በደንብ ይታያል፣ ሲታጠብም ይጠፋል።

መለኪያውን ስታስቀምጡ የጨርቁን ድርና ማግ ተከተሉ። የሸማኔ ሥራ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ድሩ በቁመት ነው፣ ማጉ በአግድም። የካሬው ጎን ከድሩ ጋር እኩል ሲሄድ ጨርቁ አይለጠጥም። በሰያፍ ከቆረጣችሁት ግን እንደ ላስቲክ ይሳባል።

መቀሳችሁ ለጨርቅ ብቻ ይሁን፣ በወረቀትና በኩሽና ዕቃ ይደንዛል።

መስፋት

1. ክራችሁ ከአንድ ክንድ አይብለጥ። ረጅም ክር ይጠላለፋል፣ ይሳሳል። ጥጥ ክር ይሻላል።
2. ሁለት ካሬ፣ አንድ ጥቁርና አንድ ፈካ፣ ፊትና ፊታቸውን አገናኙ። ፊቱ ወደ ውስጥ፣ ጀርባው ወደናንተ።
3. ከጠርዙ 1 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ መስመር አስምሩ፣ በስፒል ያዙት፣ መስመሩን ተከትላችሁ ስፉ። መርፌው ውጣ ግባ እያለ ይሄዳል። በየአራት አምስት ስፌቱ አንዴ ወደኋላ ተመለሱ፣ እንዳይተረተር ያደርገዋል።
4. ሦስት ካሬ ሲሆን አንድ ረድፍ ነው። ሦስት ረድፍ ስሩ።
5. ረድፎቹን ከማገናኘታችሁ በፊት የስፌቱን ትርፍ በካውያ ወይም በጥፍራችሁ ወደ ጥቁሩ ጨርቅ አስተኙት። ሁለት ጥቅም አለው። ትርፉ በፈካው ጨርቅ በኩል አይታይም። ደግሞ ረድፍ ከረድፍ ሲገጥም የአንዱ ትርፍ ወደ ግራ፣ የሌላው ወደ ቀኝ ስለሚተኛ ማዕዘኑ ልክ በልክ ይገጥማል፣ አይቆለልም።
6. ረድፎቹን ማዕዘን በማዕዘን በስፒል ያዙና ስፉ። አንድ ሰሌዳ አለቀ።

አንድ ሰሌዳ 120 ሳንቲ ሜትር ስፌት አለው። በአንድ ምሽት ይደርሳል፣ የደከመ ሰው በሁለት ምሽት። 24ቱ ሰሌዳ ሲያልቅ መሬት ላይ ዘርጓቸውና አሰላለፉን እዩ፤ ሁለቱን ዓይነት እያፈራረቁ ነው፣ አንድ ዓይነት ጨርቅ ግን ጎን ለጎን አይዋል። ፎቶ አንሱና ከዚያ አራት አራቱን በረድፍ ስፉ፣ ስድስቱንም ረድፍ አገናኙ።

መርፌና ስፒል ስትጀምሩም ስትጨርሱም ቁጠሩ። የምታሳድጉት ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ይህ ቀልድ አይደለም። ቁጥሩ ካልሞላ ሳይገኝ አትተኙ።

መሀሉና ገበሩ

ጋቢ ለምን እንደሚሞቅ አስባችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ወፍራም ጨርቅ ስለሆነ አይደለም፤ አራት ድርብ ስለሆነ ነው። በድርቦቹ መሀል የተያዘው አየር ነው ሙቀቱን የሚጠብቀው። ሊሃፍም እንዲሁ ነው፣ ሦስት ድርብ።

ለመሀሉ ከሁሉም የሚቀለው ያ የሳሳ አሮጌ ብርድ ልብስ ነው። ቀዳዳ ቢኖረውም በእራፊ ድፈኑት፣ ማንም አያየውም። ያለቀ ጋቢ ካላችሁም ያው ነው። ልቅ ጥጥ መሙላት የምትፈልጉ ደግሞ፣ ግብፆች ‹‹ሙነጊድ›› የሚሉት ባለሙያ አላቸው። የተጨቀየውን ጥጥ በደጋን እየመታ ያፍታታዋል፤ አገር ቤት እናቶቻችን ጥጥ የሚነድፉበት ደጋን የአጎት ልጅ ማለት ነው። ነገር ግን ልቅ ጥጥ ሲታጠብ ወደ አንድ ጥግ ስለሚሰበሰብ፣ ስፌቱ በጣም መቀራረብ አለበት። ለመጀመሪያ ሥራ ብርድ ልብሱ ይሻላል።

ለገበሩ አንድ አንሶላ ይበቃል። ከላዩ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ይትረፍ፤ 140 በ200 ማለት ነው።

አሁን ወለሉን ጥረጉ። ገበሩን ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ዘርጉ፣ ጠርዙን ወለሉ ላይ በፕላስተር ለጥፉት እንዳይንሸራተት። ብርድ ልብሱን በላዩ፣ የሰፋችሁትን ደግሞ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ በላዩ አንጥፉ። ከመሀል ወደ ጠርዝ በእጃችሁ አስተካክሉ። ከዚያ በረጃጅም ስፌት፣ በየአንድ ጋት ርቀት፣ ከመሀል ጀምራችሁ ያዙት። ይህ ስፌት ጊዜያዊ ነው፣ በኋላ ይፈታል። መርፌ ቁልፍ ያላት በሱ መያዝ ትችላለች።

ሦስቱን አንድ ማድረግ

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው መስፋት ነው፤ በእያንዳንዱ ካሬ ጠርዝ አጠገብ ሦስቱንም ድርብ እየወጉ መሄድ። ሲያልቅ ያምራል፣ ግን ጊዜ ይወስዳል። ጣታችሁን እንዳይወጋ ግብፆች ‹‹ኩስቱባን›› የሚሉትን የጣት ብረት ቆብ ግዙ።

ሁለተኛው መቋጠር ነው። የዳንቴል ጥጥ ክር በትልቅ መርፌ አስገቡና አራት ካሬ የሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ሁሉ አንዴ ወደ ታች ወግታችሁ፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ራቅ ብላችሁ ወደ ላይ አውጡና ሁለት ጊዜ አጥብቃችሁ ቋጥሩ። ጫፉን ሁለት ሳንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ስለተያዘ አይንሸራተትም። በሁለት የእረፍት ቀን ያልቃል። ለራሷ የምትሠራ ሰው በዚህ ትጀምር እላለሁ።

በመጨረሻ የተረፈውን የገበር ጠርዝ ወደ ውስጥ አንዴ፣ ከዚያ ወደ ፊት በኩል ሁለተኛ አጥፋችሁ ቀዝፉት። ማዕዘኖቹን ደጋግማችሁ ስፉ፣ መጀመሪያ የሚተረተሩት እነሱ ናቸው። ጊዜያዊውን ስፌት ፍቱት። ከጀርባው ጥግ ላይ ስማችሁንና ዓመቱን በክር ጻፉበት። ይህን አደራ እላችኋለሁ። የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ሲመጣ ዕቃው ራሱ ይመልሳል።

ስታጥቡት በቀዝቃዛ ውሃና በጥቂት ሳሙና ይሁን። ክሎር አይነካው። ሲረጥብ ይከብዳልና በአንድ ገመድ ላይ አንጠልጥላችሁ አትጠምዝዙት፤ ሁለት ገመድ ላይ አጋድማችሁ በጥላ አድርቁት፣ የካይሮ ፀሐይ ቀለም ትበላለች።

መሸጥስ?

ብዙዎች ይጠይቁኛል። ይቻላል፣ ግን ሂሳቡን አስቀድማችሁ እወቁ። የላዩን ብቻ ብንቆጥር 24ቱ ሰሌዳ ወደ 29 ሜትር፣ ማገናኘቱ ወደ 11 ሜትር፣ በድምሩ 40 ሜትር የእጅ ስፌት አለው። ቁርጡና ቋጠሮው ሳይቆጠር ማለት ነው። ‹‹ጨርቁ አሮጌ ነው›› ብሎ ዋጋ የሚያወርድ ገዢ የሚከፍለው የጨርቁን እንጂ የናንተን አርባ ሜትር አይደለም። ስንት ምሽት እንደፈጀ ጻፉና በዚያ ተከራከሩ። ትልቁ ካልተሸጠ አራት ሰሌዳ ለትራስ፣ አንድ ሰሌዳ ለትኩስ ድስት መያዣ ይሆናል፤ ትንሹ ቶሎ ይሸጣል። መደሟ ‹‹ለኔም ስፊልኝ›› ካለች ደግሞ ይህ ከቤት ሥራው ውጪ የሆነ ሥራ ነው። ዋጋውንና ጊዜውን ሳትስማሙ መርፌ አታንሱ።

ወደ አገር ቤት የምትልኩት ወይም ይዛችሁ የምትገቡ፣ ከሻንጣ በፊት ሚዛን ላይ አውጡት፤ ከወፍራም ብርድ ልብስ የተሠራ ኪሎ ይበላል። ለመላክ ያሰባችሁት ከሆነ ከመጀመሪያው መሀሉን ስስ ነገር አድርጉት።

ዛሬ መጀመር የምትፈልግ እህት ሊሃፉን አታስብ። ሁለት ፌስታል አዘጋጂ፣ አንዱ ለጥቁሩ፣ አንዱ ለፈካው። የፈቀዱልሽን ጨርቅ እያጠብሽ በየፌስታሉ ክተቺ። ዘጠኝ ካሬ ስትሞላ አንድ ሰሌዳ ስፊ። ካላማረሽ የድስት መያዣ ታደርጊዋለሽ፣ ካማረሽ ሃያ ሦስት ይቀሩሻል። አሁን ብትጀምሪ የሚመጣው ብርድ ሲገባ ትደርሺበታለሽ።